አውሮፕላን ጋራዥ ውስጥ መገጣጠም፦ ከመጀመሪያዋ ሪቬት እስከ ሙከራ በረራ

አዎ፣ ቤት ውስጥ አውሮፕላን መሥራት ይቻላል። ሕጋዊም ነው። አሜሪካ ለምትኖሩ ደግሞ መንገዱ የተጠረገ ነው። ኦሪገን የሚገኘው ቫንስ ኤርክራፍት ከሚሸጣቸው ኪቶች ብቻ ተገጣጥመው የበረሩ አውሮፕላኖች ከ11 ሺህ በላይ ሆነዋል። ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። መመሪያ አንብቦ ልክ እንደተጻፈው የሚሠራ፣ ላሜራ መብሳትና ሞረድ መያዝ የማያስፈራው ሰው ይችለዋል።

ኪት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ላድርግ። አገር ቤት አስመላሽ ዘፈሩ ራሱ አስቦ፣ በቮልስዋገን ሞተር የሠራት ኬ-570ኤ የተባለች አውሮፕላን በ2015 እ.ኤ.አ. ብዙ ተወርቶላታል። እሱ የሄደበት መንገድ ከባዱ ነው፣ ድፍረቱንም አከብራለሁ። እዚህ የማወራው ግን ሌላ ነው። ኪት ሲሆን ስሌቱ አልቋል፣ ዲዛይኑ በሺህ ሰዓት በረራ ተፈትኗል፣ ላሜራው ተቆርጦና ቀዳዳው ወጥቶለት በሣጥን ይመጣል። የእናንተ ድርሻ በጥንቃቄ መገጣጠም ነው።

ብዙ ኪት ሳያልቅ ይሸጣል። ያገለገሉ አውሮፕላኖች የሚሸጡበትን ማስታወቂያ ብታዩ "ጅራቱ ያለቀ፣ ክንፉ የተጀመረ" የሚል አታጡም። ብዙውን ጊዜ ሥራው ከብዶ አይደለም። ኪቱ ሲገዛ ከጋራዡ ስፋት፣ ከኪስና ከሥራ ሰዓት ጋር ስላልተመዛዘነ ነው። ስለዚህ ወደ ሪቬቱ፣ ማለትም ላሜራ ከላሜራ ወደሚያያይዘው የብረት ችንካር፣ ከመግባታችን በፊት እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ሕጉ የሚፈልገው

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ባጭሩ ኤፍኤኤ፣ ሰው ራሱ የሠራውን አውሮፕላን "ኤክስፐርመንታል" በሚባል ምድብ ይመዘግባል። ዋናው መስፈርት የ51 በመቶ ሕግ ይባላል። የሥራው አብዛኛው እጅ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሚሠሩ አማተሮች መሠራት አለበት። ገንዘብ ከፍሎ አሠርቶ "የኔ ሥራ ነው" ማለት አይቻልም። ጓደኛ በነፃ ቢያግዛችሁ ግን ችግር የለውም። ኤፍኤኤ መርምሮ ብቁ ያላቸውን ኪቶች በዝርዝር ያወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት የምታስቡት ኪት እዚያ ላይ መኖሩን እዩ።

ማስረጃችሁ የሥራ መዝገብ ነው። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ቀኑን፣ የሠራችሁትን ክፍልና የፈጀውን ሰዓት ጻፉ። ፎቶ አንሱ፣ በፎቶውም ላይ እየሠራችሁ ታዩ። በኋላ መርማሪው ሲመጣ ይህን ይጠይቃል። ክንፉ ከተዘጋ በኋላ ውስጡን ፎቶ ማንሳት እንደማይቻልም አስቡ።

ለመገጣጠም የፓይለት ፈቃድ አያስፈልግም፣ ለማብረር ግን ያስፈልጋል። የኔ ምክር ፈቃዱን አስቀድሙ ነው። ከዚያ በየወሩ ጥቂትም ብትሆን እየበረራችሁ ገጣጥሙ። ሁለት ሦስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ከርሞ፣ እጁ የዛገ ሰው አዲስ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ አደጋ ይከተላል።

የትኛው ኪት?

ሙሉ በሙሉ ከአልሙኒየም ላሜራ የሚሠሩ አሉ፤ የቫንስ፣ የዜኒትና የሶኔክስ አውሮፕላኖች እንዲህ ናቸው። በብረት ቱቦ ላይ ጨርቅ የሚለብሱም አሉ፤ አይዳሆ የሚሠራው ኪትፎክስ የታወቀው ነው፣ ክንፉም ይታጠፋል። ከፋይበርና እንደ ሙጫ ከሚደርቅ ሬዚን የሚሠሩም አሉ። እነሱን ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም፤ የጋራዡ ሙቀትና እርጥበት ሥራውን ይወስነዋል፣ አቧራውም ለሳንባ መጥፎ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ቢጠይቀኝ የምለው የቫንስን አርቪ-12 ነው። ሁለት ሰው ይይዛል። የክንፉ ስፋት 8 ሜትር ከ15 ገደማ ቢሆንም ክንፎቹ ይነቀላሉ፣ ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ይገባል፣ በተጎታችም ይጫናል። አብዛኛው ሪቬት በአንድ በኩል ሆኖ የሚሳብ ዓይነት ነው፣ ሁለት ሰው አይፈልግም። ኩባንያው ከ700 እስከ 900 ሰዓት ይፈጃል ይላል። በሳምንት 10 ሰዓት የምታገኙ ከሆነ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው። እናንተ ግን ሁለት ዓመት ብላችሁ ያዙት፤ በዓል አለ፣ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ተጨማሪ ፈረቃ አለ።

ሚዙሪ ግዛት ሜክሲኮ በምትባል ከተማ ያለው ዜኒትም ጥሩ ነው። ፋብሪካው ውስጥ በሁለት ቀን አንድ ራደር፣ ማለትም የጅራቱን ቀጥ ያለ መሪ፣ ሠርታችሁ ይዛችሁ የምትሄዱበት ወርክሾፕ አለው። ሥራው ይስማማኝ ይሆን ወይ ብሎ ለሚጠራጠር ከዚህ የተሻለ መሞከሪያ አላውቅም።

አሁን ገንዘቡ። የላሜራው ኪት ዋጋ አያታልላችሁ። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በታች ነው። ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩና የኮክፒት መሣሪያው ነው ኪስ የሚያራግፈው። አዲስ ሞተር ያለው አርቪ-12 ዛሬ ተሠርቶ ሲያልቅ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል። ደግነቱ በአንዴ አይከፈልም፤ ኪቱ በክፍል በክፍል ይሸጣል። መጀመሪያ የጅራቱን ብቻ ግዙ። እሱን ጨርሳችሁ ልባችሁ ከፈቀደ ክንፉን እዘዙ። ሞተሩን ደግሞ የመጨረሻው ወር እስኪቃረብ አትግዙት፤ ሣጥን ውስጥ እየቆየ ዋስትናው ያልቃል፣ ዝገትም ይጀምረዋል።

ቅድሚያ ክፍያ ላይ ተጠንቀቁ። ቫንስ ራሱ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የኪሳራ መከላከያ ፍርድ ቤት ገብቶ ነበር። ኩባንያው አልወደቀም፣ ሥራውን ቀጠለ፣ ግን ቀድመው ያዘዙ ደንበኞች ዋጋ ተጨምሮባቸዋል። ትልቁም ድርጅት ሊንገዳገድ ይችላል። ከኪሳችሁ ቢወጣ የማይጎዳችሁን ያህል ብቻ ቀብድ ክፈሉ።

ጋራዡና ቤተሰቡ

ባለ ሁለት መኪና ጋራዥ ይበቃል። ባለ አንዱም ጅራትና ክንፍ ያስገጣጥማል፤ አካሉን ግን 6 ሜትር ገደማ ርዝመት ስላለው ቀድማችሁ ለኩት። በሩ ሲዘጋ ጭምር ለኩ። ከቤት ማውጫውንም አስቡበት፤ ተሠርቶ አልቆ በበሩ አልወጣ ያለ ነገር መፍረስ ነው ዕጣው።

በቂ መብራት ስቀሉ። ወለሉ ላይ የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ለወገብም ለወደቀ ዕቃም ይጠቅማል። ወለሉ ላይ ተስተካክሎ የቆመ ጠንካራ የሥራ ጠረጴዛ ሥሩ፤ ጠረጴዛው ከተጣመመ ክንፉም ይጣመማል። በክረምት የምትሠሩ ከሆነ ማሞቂያ ያስፈልጋል፣ ግን ቀለምና ማጽጃ ኬሚካል ባለበት የእሳት ነበልባል ያለው ማሞቂያ አታስገቡ።

ታውንሃውስ የምትኖሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ደንብ አንብቡ። ኮምፕሬሰርና የሪቬት መዶሻ ድምፅ አላቸው። ጎረቤቶቻችሁን አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርታችሁ የምትሠሩትን አሳዩአቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጩኸቱ ፖሊስ የሚደውል አይኖርም። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ጩኸት ያለውን ሥራ ለቀን፣ መሞረድና ማጽዳቱን ለሌሊት አድርጉት። ከባለቤታችሁ ጋርም የትኛው ቀን የጋራዥ፣ የትኛው የቤት እንደሆነ ተስማሙ። ለመጨረስ ከምንም በላይ የሚያግዘው ይህ ነው።

መሣሪያ

ለሳብ ሪቬት መሳቢያ፣ በአየር የሚሠራ ቢሆን እጅ አያደክምም። ትንሽ ኮምፕሬሰር። ጥሩ ትራፓኖና ስለታም ፑንታ። ሞረድ፣ የቀዳዳ ጠርዝ ማጽጃ፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ የቶርክ ቁልፍ፣ ሞርሳ። እና ክሌኮ፣ ብዙ መቶ ክሌኮ። ክሌኮ ሪቬቱ እስኪገባ ድረስ ላሜራዎቹን ቀዳዳ ለቀዳዳ አስሮ የሚይዝ ባለ ምንጭ መቆንጠጫ ነው። ብርማው ለ3/32 ኢንች፣ መዳብማው ለ1/8 ኢንች ቀዳዳ ነው። በመዶሻ የሚመታ የጠጣር ሪቬት ኪት ከመረጣችሁ የሪቬት መዶሻ፣ ከኋላ የሚደገፍ ከባድ ብረትና ዲምፕል ማድረጊያ (የሪቬቱ ጭንቅላት ከላሜራው እኩል እንዲቀመጥ የቀዳዳውን ዙሪያ የሚያጎደጉድ) ይጨመራል። ያገለገለ ሙሉ የመሣሪያ ሣጥን ከጨረሰ ሰው መግዛት ይቻላል፣ ስትጨርሱ እናንተም ትሸጡታላችሁ። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ላይ ግን ገንዘብ አትቆጥቡ።

ጅራቱ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ

ሣጥኑ ሲመጣ መጀመሪያ ቆጠራ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ፤ የጎደለውን ኩባንያው የሚተካው በጊዜ ከነገራችሁት ነው። ከዚያ የመመሪያውን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሁለቴ አንብቡ። ገጽ 3 ላይ የዘጋችሁትን ገጽ 5 ላይ ክፈቱ የሚል እንዳይመጣባችሁ።

ላሜራው 2024-ቲ3 የሚባል አልሙኒየም ነው፣ ላዩ በስስ ንጹሕ አልሙኒየም የተለበጠ። ያ ልባስ ከዝገት ይከላከላል፣ ጭረት ይጎዳዋል። በእርሳስ ምልክት አታድርጉ፤ የእርሳስ ግራፋይት አልሙኒየምን ይበላል። ማርከር ተጠቀሙ።

ቅደም ተከተሉ ሁሌም አንድ ነው። በክሌኮ አስሮ ማገጣጠም፣ ቀዳዳውን በልኩ መብሳት፣ ፈታቶ ጠርዙን ማጽዳት፣ ፕራይመር (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) መቀባት፣ መልሶ ማሰር፣ ከዚያ ሪቬት። ሰው የሚሰለቸው ማጽዳቱ ላይ ነው። አትዝለሉት። ፑንታው ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ትንሽ የተቆለመመ ብረት ይተዋል። አውሮፕላን በበረረ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ስንጥቅ ደግሞ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ሻካራ ጠርዝ ነው። ስታጸዱም አታብዙ፤ ጣት ሲነካው ልስልስ ካለ በቃ፣ ቀዳዳውን ሾጣጣ አታድርጉት።

ፕራይመር ላይ ሠሪዎች ሲከራከሩ ይውላሉ። የኔ አቋም ቀላል ነው። ባሕር ዳርቻ ወይም እርጥብ አገር የምትኖሩ ከሆነ ላሜራ ከላሜራ የሚነካካበትን ሁሉ ቀቡ። ደረቅ አገር ከሆነ መመሪያው የሚያዘው ይበቃል። ክሮሜት ያለበት ፕራይመር ካንሰር አምጪ ነው፣ ያለ ትክክለኛ ጭምብል አትንኩት።

አሁን ሪቬቱ። ሳብ ሪቬት ከሆነ መሳቢያውን ላሜራው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጭንቅላቱ ሙሉ በሙሉ ላሜራው ላይ መቀመጡን እዩ፣ ሳቡ። ጭንቅላቱ ሥር ቀጭን ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ይውጣ።

ጠጣር ሪቬት የበለጠ እጅ ይጠይቃል። አንዱ በመዶሻው ይመታል፣ ሌላው ከጀርባ በብረት ይደግፋል፣ የሪቬቱ እግር እየተጨፈለቀ ከኋላ ሁለተኛ ጭንቅላት ይሆናል። ልኩ ይህ ነው፦ የተጨፈለቀው ስፋት የእግሩን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቁመቱ ግማሹን ይሁን። የ1/8 ኢንች ሪቬት ከሆነ 3/16 ስፋት፣ 1/16 ቁመት ማለት ነው። ከጠርዝም መራቅ አለበት፤ ከቀዳዳው መሃል እስከ ላሜራው ጫፍ ቢያንስ የሪቬቱ ውፍረት ሁለት እጥፍ ይኑር። ቁራጭ ላሜራ ላይ እስኪለምድላችሁ ድረስ ተለማመዱ። ለዚህ የሚሸጥ ርካሽ የመለማመጃ ኪት አለ።

ሪቬት ቢበላሽስ? እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚያበላሹት መበላሸቱን ሳይሆን ማውጣቱን ነው። ትንሽ የተዛነፈች ሪቬት ብዙ ጊዜ ሥራዋን ትሠራለች፤ እሷን ለማውጣት ሲበሳ ቀዳዳው ሰፍቶ ከፊቱ የባሰ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያ አስጠግታችሁ ለኩ። ከልክ ውጪ ከሆነች ብቻ ጭንቅላቷን በሚመጥን ፑንታ የጭንቅላቷን ውፍረት ያህል ብቻ ብሱ፣ ሰብራችሁ አውጡ፣ እግሯን ቀስ ብላችሁ አስወጡ።

ጅራቱን ስትጨርሱ ከመዝጋታችሁ በፊት ሌላ ዓይን ይየው። ኢኤኤ የተባለው በ1953 የተመሠረተ የአማተር ሠሪዎች ማኅበር፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኦሽኮሽ ዊስኮንሲን ነው፣ በየአካባቢው ቅርንጫፍ አለው። ቤታችሁ ድረስ መጥተው በነፃ የሚያዩ የቴክኒክ አማካሪዎች አሉት። ከኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ክፍል ወጥተው አሜሪካ የሚኖሩ ቴክኒሻኖችም በየከተማው አሉ። አንዱን ጋብዙት። ሥራችሁን አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም፣ ይናገራል፣ ያ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ክንፍ፣ አካልና ቡሎን

ክንፉና አካሉ ጅራቱ ላይ የተማራችሁት ሥራ ነው፣ መጠኑ በዛ እንጂ አልተለወጠም። ስለዚህ ብዙ አልልም። አዲሱ ነገር ቡሎን ነው።

የአውሮፕላን ቡሎን ከዕቃ መደብር አይገዛም። መመሪያው የሚያዘውን የኤኤን (የአውሮፕላን ቡሎን ደረጃ መለያ) ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ። ኤኤን3 የሚባለው ትንሹ ቡሎን ከ20 እስከ 25 ኢንች-ፓውንድ ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ መኪና የሚሠራ ሰው እጅ በስሜት ካጠበቀው ያልፈዋል። በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ፣ ከዚያ ዳዶውና ቡሎኑ ላይ አንድ ባለ ቀለም የማኅተም መስመር አስምሩ። ያ መስመር በኋላ ከተሰበረ ዳዶው መላላቱን ያሳያችኋል። የሚሽከረከር መገጣጠሚያ ላይ ዳዶው በኮተር ፒን (በቀዳዳ ገብቶ ጫፉ በሚታጠፍ ሽቦ) ይቆለፍ እንጂ በፕላስቲክ ቀለበት ብቻ አትተማመኑ።

ሞተር፣ ነዳጅ፣ ሽቦ

አዲስ በተሠሩ አውሮፕላኖች ላይ አደጋ ከሚያመጡት ዋናዎቹ የሞተር መጥፋትና ከቁጥጥር መውጣት ናቸው። ሞተሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የሚያጠፋው የነዳጅ መስመሩ ነው። ሳልባትዮው ውስጥ የቀረ የላሜራ ብናኝ፣ ያልጠበቀ ቧንቧ፣ የተዘጋ ማጣሪያ። ሳልባትዮውን ደጋግማችሁ እጠቡ። ከዚያ የፍሰት ሙከራ አድርጉ፦ አውሮፕላኑን በሚነሳበት ማዕዘን አፍንጫውን ቀና አድርጋችሁ፣ የነዳጅ ቧንቧውን ከሞተሩ ፈትታችሁ፣ በደቂቃ ስንት እንደሚወርድ በጣሳ ለኩ። በፓምፕ ለሚሠራ አውሮፕላኑ ሲነሳ ሞተሩ ከሚፈልገው 125 በመቶ፣ በራሱ ለሚወርድ 150 በመቶ መድረስ አለበት። ይህን ስታደርጉ ከቤት ውጪ ሁኑ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን።

ሽቦ የመኪና አይሁን። የአውሮፕላን ሽቦ ሽፋኑ ቢቃጠል እንደ መኪናው ሽቦ ጋቢናውን በመርዛም ጭስ አይሞላውም። እያንዳንዷን ሽቦ ሁለቱም ጫፍ ላይ ስም ስጧት።

መሪውን ፈትሹ። ዱላው ወደ ግራ ሲሄድ የግራው ክንፍ ኤለሮን (ክንፉ ኋላ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች ይሄዳል። ተገላቢጦሽ የተገጠመ መሪ ልምድ ያላቸውን ፓይለቶች ገድሏል። እናንተ ካያችሁ በኋላ ሌላ ሰው ደግሞ ለብቻው ይይ።

ወረቀትና ሚዛን

ባለ "ኤን" ቁጥር (የአሜሪካ አውሮፕላን ታርጋ) ምዝገባውን ሥራው ከማለቁ ብዙ ወራት በፊት ጀምሩ፤ ወረቀት ይዘገያል። አውሮፕላኑን ወደ ሜዳው ወስዳችሁ ክንፉን ከገጠማችሁ በኋላ ነፋስ በማይገባበት ሃንጋር ውስጥ በሦስት ሚዛን ላይ አቁሙት። ክብደቱና የክብደቱ መሃል የሚወጣው ከዚያ ነው። መሃሉ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ አውሮፕላኑ አይታዘዝም፣ ስለዚህ ስሌቱን ሁለት ሰው ለየብቻ ይሥራው።

መርማሪው ከኤፍኤኤ ቢመጣ ክፍያ የለውም፤ ኤፍኤኤ የወከለው የግል መርማሪ ከሆነ ያስከፍላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ ይመጣል። መክደኛዎቹን ሁሉ ከፍታችሁ ጠብቁት። መዝገባችሁ፣ የክብደት ወረቀቱ፣ እሳት የማይበላው የስም ሰሌዳ፣ መግቢያው ላይ ቢያንስ 2 ኢንች ቁመት ባለው ፊደል የተጻፈ "ኤክስፐርመንታል" የሚል ጽሑፍ፣ የተሳፋሪ ማስጠንቀቂያም ይኑር።

የሙከራ በረራ

ፈቃዱ ሲሰጣችሁ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይጀምራል። ሞተሩና ፕሮፔለሩ አብረው የተመሰከረላቸው ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ 25 ሰዓት፣ ካልሆኑ 40 ሰዓት፣ በተወሰነላችሁ ክልል ውስጥ ትበራላችሁ። ተሳፋሪ አይጫንም። ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ላላችሁ ወገኖች አንድ ነገር፦ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ሰማይ ልዩ ሕግ አለበት፣ ልዩ ሥልጠናም ይጠይቃል። የሙከራውን ሜዳ ከዚያ ክልል ውጪ፣ ረጅም ማኮብኮቢያና ዙሪያው ገላጣ በሆነበት ፈልጉ።

ከመጀመሪያው በረራ በፊት በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ከአስተማሪ ጋር ብረሩ። ኢንሹራንሱም አብዛኛውን ጊዜ ይጠይቃችኋል። ካልተመቻችሁ ልምድ ያለው ፓይለት የመጀመሪያውን ያብርር፤ ይህ ምንም አያሳፍርም።

እና ሰው አትጥሩ። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ስልክ ቀስሮ ሲጠብቃችሁ "ዛሬ ነፋሱ አልተመቸኝም" ብሎ መመለስ ይከብዳል። አንድ ሬዲዮና እሳት ማጥፊያ የያዘ ጓደኛ ይበቃል። ድግሱ ለሌላ ቅዳሜ ይሁን።

ማለዳ፣ ነፋስ በሌለበት ተነሱ። ከፍ በሉ፣ ከሜዳው በላይ ሆናችሁ ዙሩ፣ አትራቁ። የዘይት ግፊትና ሙቀት እዩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውረዱ፣ የሞተሩን ክዳን አውጡ፣ የሚያንጠባጥብና የላላ ፈልጉ። ሞተሩ ገና ስትነሱ ቢጠፋ ወደ ማኮብኮቢያው ለመመለስ አትዙሩ። አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ላይ ውረዱ። ይህን መሬት ላይ ሳላችሁ ወስኑት፣ አየር ላይ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ቀጣዮቹን ሰዓታት በዕቅድ ብረሩ። በየቀኑ አንድ ነገር ለኩ፦ በስንት ፍጥነት ክንፉ መሸከም አቅቶት እንደሚከዳ፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ በሰዓት ስንት ነዳጅ እንደሚጠጣ። ክብደቱን ቀስ በቀስ በአሸዋ ከረጢት ጨምሩ። ቀለሙን እስከዚያ ተዉት፤ ሙከራው ላይ የሚቀየር ነገር አይጠፋም።

ሰዓቱ ሲሞላ መዝገቡ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ከዚያ ሰው መጫን ይቻላል። የሪፔርማን ሰርተፊኬቱንም ወዲያው ጠይቁ። እሱ ካላችሁ በየ12 ወሩ የሚደረገውን ምርመራ ራሳችሁ ትሠራላችሁ፣ በዓመትም ጥሩ ገንዘብ ያተርፋል። ሰርተፊኬቱ የሚሰጠው ለዚያች አንዲት አውሮፕላንና ለሠሪዋ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብትሸጧት ገዢው ለዓመታዊው ምርመራ ሕጉ የሚጠይቀው ፈቃድ ያለው ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህን ከመሸጣችሁ በፊት ንገሩት።